ቅጠል በወረቀት፣ ሥጋ በፎርማሊን

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ ካለ የኮሶ ዛፍ አንዲት ቅርንጫፍ ተቆርጣ ለመቶ ዓመት እንድትቆይ ቢፈለግ የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ አሮጌ ጋዜጣ፣ ከእንጨት የተሠራ መጫኛ፣ ጥብቅ አድርጎ የሚያስር ጠፍርና ደረቅ ሙቀት። ቅርንጫፏ በጋዜጣ መሃል ተዘርግታ ትጫናለች። ጋዜጣው ርጥበት በጠጣ ቁጥር በደረቅ ይተካል። በክረምት ይህ ሥራ ፈተና ነው። ማዕከሉ ያለበት ዳገት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ ጉሙ ወርዶ ዝናቡ አላባራ ሲል ቅጠሉ ሳይደርቅ ሻጋታ ይቀድመዋል። ከደረቀ በኋላ ግን ጠንካራ ወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ የት፣ መቼና በምን ከፍታ ላይ እንደተቆረጠ፣ ማን እንደቆረጠው፣ የአካባቢው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጻፍበትና መደርደሪያ ይገባል።

አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 ከተመሠረተ ወዲህ ያሰባሰባቸው ናሙናዎች በአብዛኛው የተዘጋጁት እንዲህ ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች በስምንት ቅጽ የዘረዘረው ትልቁ ሥራም የቆመው በእነዚህ ደረቅ ቅጠሎች ላይ ነው። ዊልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ ከትግራይና ከሰሜን ተራሮች እየቆረጠ ወደ አውሮፓ የላካቸው ቅርንጫፎች ዛሬም ለምርምር ያገለግላሉ። ደርቆ የኖረን አበባ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ለጥቂት ጊዜ በፈላ ውሃ ይነክሩታል፤ የተጣበቀው ይላቀቃል፣ የታጠፈው ይዘረጋል፣ ወንዴና ሴቴ ዘሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

አሁን ከማዕከሉ ወረድ ብለን፣ በዚያው በጉለሌ ክፍለ ከተማ ወዳለው ጳውሎስ ሆስፒታል እንሂድ። እዚያ ከአንዲት ሴት ጡት ላይ በመርፌ ተቆርጣ የወጣች፣ ውፍረቷ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ቁራጭ አለች። ይህች ቁራጭ እንደ ኮሶዋ ቅርንጫፍ በወረቀት ላይ ብትደርቅ በማግስቱ ማንም ሐኪም አንብቦ ሊረዳት አይችልም። በፈላ ውሃ ብትነከርም አትመለስም። ቅጠሉ መቶ ዓመት ሲቆይ ሥጋዋ አንድ ሌሊት እንኳ የማትቆየው ለምንድን ነው?

መልሱ ግድግዳው ነው። የዕፅዋት ሕዋስ ሴሉሎስ በተባለ ጠንካራ ነገር የተሠራ ግድግዳ አለው። ሕዋሱ ሞቶ ውስጡ ባዶ ቢሆን እንኳ ግድግዳው እንደቆመ ይቀራል፤ የቅጠሉን ቅርጽና ጅማት፣ የግንዱንም ጥንካሬ የሚጠብቀው እሱ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ በማይክሮስኮፕ አይቼ አገኘኋቸው ያላቸው ትናንሽ ክፍሎችም የቡሽ ሕዋሳት ነበሩ። ቡሽ ከዛፍ ቅርፊት የሚገኝ የደረቀና የሞተ ነገር ነው፤ ሁክ ያየውም ነዋሪው የለቀቀውን ቤት ግድግዳ ብቻ ነበር። ቢሆንም ማየት ችሏል። የሰውና የእንስሳ ሕዋስ ግን ግድግዳ የለውም። ያለው እጅግ ስስ የሆነ የቅባት ሽፋን ነው፤ ውሃው ሲደርቅ ሽፋኑ ይሟሽሻል፣ ውስጡ ይደባለቃል፣ ኒውክሊየሱ ከዙሪያው ጋር ተጣብቆ አንድ ጥቁር ጉድፍ ይሆናል። የሰውን አካል በማይክሮስኮፕ በወጉ መመርመር የተቻለውም ሥጋን የሚያጸኑና የሚያቀልሙ ኬሚካሎች በ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ ላይ ሲውሉ ነው።

መድረቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ናሙናውን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየት በበቃ ነበር። ትልቁ ጠላት ግን ከውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ያረጀውን ክፍሉን የሚፈጭባቸው ኢንዛይሞች በትንንሽ ከረጢቶች ውስጥ አሉት። ደም እስከደረሰውና ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ከረጢቶቹ አይከፈቱም። ቁራጩ ከሰውነት በተለየ ቅጽበት ግን የደም መንገዱ ይቋረጣል፤ ሕዋሱ ያለውን ጉልበት ይጨርስና ከረጢቶቹ ይፈሳሉ። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ይህ በሁሉም አካል ላይ እኩል አይፈጥንም። የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ማምረቻ የሆነው ቆሽትና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በጣም ቶሎ ይበላሻሉ፤ ቆዳ ከእነሱ ይልቅ ይታገሣል። ከውስጥ የጀመረውን ጥፋት ከውጭ ባክቴሪያ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ናሙናው እንደወጣ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ መደረግ አለባቸው። ኢንዛይሞቹ ሥራ ማቆም አለባቸው። ተህዋስያኑ መሞት አለባቸው። ሕዋሱም ኋላ የሚደርስበትን አልኮልና የጋለ ፓራፊን እንዲችል መጠንከር አለበት። የላብራቶሪ ሰዎች ይህን ሁሉ ፊክስ ማድረግ ይሉታል፤ በዓለም ዙሪያ ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚጠቀሙበትም ፎርማሊን ነው።

ፎርማሊን ፎርማልዲሃይድ የተባለው ጋዝ በውሃ ሲሟሟ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ፈርዲናንድ ብሉም የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም ይህ ፈሳሽ ጀርም ይገድል እንደሆነ ሲመረምር የገዛ ጣቶቹ ቆዳ መጠንከሩን አስተዋለ። የእሱ ቆዳ ከጠነከረ ለምርመራ የሚቀመጥ ሥጋም ይጠነክራል ብሎ አሰበና ሞከረው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1893 አሳተመ። እስከዚያ ድረስ ሰው ይጠቀም የነበረው አልኮልንና እንደ ክሮሚክ አሲድ ያሉ ኬሚካሎችን ነበር። ፎርማሊን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስፋፋ፤ ከ130 ዓመት በኋላም ቦታውን አልለቀቀም።

ብሉም በጣቶቹ ላይ ያየውን ነገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ጥሬ ቆዳ ዝም ቢሉት ይበሰብሳል፤ ከዛፍ ቅርፊትና ከፍሬ በሚወጣ ታኒን ሲለፋ ግን ዓመታት የሚያገለግል ስልቻና ጫማ ይሆናል። ታኒኑ የቆዳውን የፕሮቲን ክሮች እርስ በርስ ስለሚያያይዛቸው ባክቴሪያ በቀላሉ ሊበላቸው፣ ውሃም ሊያላላቸው አይችልም። ፎርማልዲሃይድም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ዘልቆ ይሠራል። በመጀመሪያ ከፕሮቲኑ ላይ ላይሲን ወደተባለው አሚኖ አሲድ ጫፍ ሄዶ ይለጠፋል። ይህ መለጠፍ ገና ጽኑ አይደለም፤ በውሃ ሊታጠብ ይችላል። ቀስ በቀስ ግን የተለጠፈው ፎርማልዲሃይድ በሌላ ወገን ካለ ፕሮቲን ጋር ይያያዝና በሁለቱ መካከል የአንዲት ካርቦን ድልድይ ይሠራል። ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ድልድዮች ሲሠሩ ሕዋሱ እንዳለ ይቆማል፤ ኢንዛይሙ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ በያዘው ቦታ ላይ ይታሰራል።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ። ፎርማሊን ወደ ሥጋ መግባቱ አንድ ነገር ነው፤ ሥጋውን መያዙ ሌላ ነገር ነው። ፎርማልዲሃይድ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አብዛኛው ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ሜቲሊን ግላይኮል ይሆናል። ይህ በፍጥነት ይሰርጋል፤ ፕሮቲኑን የሚይዘው ግን ሳይዋሐድ የቀረው እጅግ ጥቂቱ ፎርማልዲሃይድ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ይገባል ተብሎ ይታሰባል፤ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥርም ፍጥነቱ ይቀንሳል። ድልድዮቹ በደንብ እስኪሠሩ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ከላይ ሲታይ ቀለሙ ተቀይሮ ጠንከር ያለ ናሙና መሃሉ ገና ጥሬ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ጡት ወይም ትልቅ እጢ ሳይሰነጠቅ እንዳለ ባልዲ ውስጥ ቢጣል፣ በተለይ ስብ ከከበበው፣ ፎርማሊኑ መሃል ሳይደርስ መሃሉ ይበሰብሳል። ካንሰሩ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ትልቅ ናሙና አቅጣጫውን በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ወዲያው መሰንጠቅ አለበት፤ ለስላይድ የሚመረጠው ቁራጭም ከአራትና ከአምስት ሚሊ ሜትር መወፈር የለበትም።

መጠኑም እንዲሁ። ፎርማሊኑ የናሙናውን መጠን ቢያንስ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ይህ የሚባለው ናሙናው ራሱ ውሃና ደም ስላለው ፈሳሹን ስለሚያቀጥነው፣ ፕሮቲኑም ፎርማልዲሃይዱን ስለሚበላው ነው። ጠርሙሱን የሞላ እጢ ላይ ጥቂት ፎርማሊን ጠብ ማድረግ ምንም እንዳለማድረግ ይቆጠራል።

«10 በመቶ ፎርማሊን» የሚባለው 10 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ማለት አይደለም። ከፋብሪካ የሚመጣው ፈሳሽ ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ይይዛል፤ እሱ አንድ እጅ፣ ውሃው ዘጠኝ እጅ ሲሆን ነው 10 በመቶ ፎርማሊን የሚባለው። በውስጡ ያለው ፎርማልዲሃይድ 4 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የተዘጋጀውን ፈሳሽ እንደገና አሥር እጥፍ ቢያቀጥነው ናሙናው ፎርማሊን ይሸታል፣ ፊክስ ግን አይሆንም።

በውሃ ብቻ የቀጠነ ፎርማሊን ሲቆይ ወደ ፎርሚክ አሲድ እየተለወጠ ይሄዳል። አሲዱ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ተገናኝቶ ቡናማ ጥቁር ደቃቅ ብናኝ ይሠራል፤ ብናኙ የሚበዛውም ደም በሚበዛባቸው እንደ ጣፊያና ጉበት ባሉ አካላት ላይ ነው። ለእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የወባ ጥገኛ ተህዋስ ሄሞግሎቢን በልቶ የሚተወው ብናኝም ቡናማ ጥቁር ነው፤ የሚከማቸውም እዚያው ጣፊያና ጉበት ውስጥ ነው። በማይክሮስኮፕ ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ። ፈሳሹ ባለመስተካከሉ የተፈጠረ ቆሻሻ በሽታ ሊመስል ይችላል ማለት ነው። መከላከያው ርካሽ ነው፤ በአንድ ሊትር ላይ ሁለት ዓይነት የሶዲየም ፎስፌት ጨው፣ አንዱ 4 ግራም፣ ሌላው 6.5 ግራም ሲጨመር አሲድነቱ ገለልተኛ ሆኖ ይቆያል። ጥቂት ግራም ጨው ስንት የምርመራ ጥርጣሬ እንደሚያድን ሳስብ፣ ይህን መዝኖ የሚጨምረው ቴክኒሺያን የሐኪሙን ያህል ምስጋና ይገባዋል እላለሁ።

ፎርማሊን ለሁሉም ምርመራ አይሆንም። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ቲቢ ነው። በአገራችን ከሳንባ ውጪ የሚከሰት ቲቢ ብዙ ነው፤ የአንገት ንፍፊት ያበጠበት ሰው ቁራጭ ሲወሰድለት ካንሰር ነው ወይስ ቲቢ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ንፍፊት በስላይድ ላይ ብዙ ይናገራል፤ ባክቴሪያው ግን ስለሞተ በካልቸር ሊበቅል አይችልም። ካልበቀለ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በካልቸር መፈተን አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሙ ቲቢ ከጠረጠረ ከናሙናው ከፊሉ ንጹሕ በሆነ የጨው ውሃ (ሳላይን) ተለይቶ መላክ አለበት። ውሳኔው የሚደረገው ቁራጩ እጅ ላይ እያለ ነው፤ ፎርማሊን ከነካው በኋላ መመለሻ የለውም።

በቀጭን መርፌ ተስቦ ስላይድ ላይ የሚቀባው ናሙና፣ ኤፍኤንኤ የሚባለው፣ ሌላ ሕግ አለው። የተቀባው ሕዋስ አንድ ንጣፍ ብቻ ስለሆነ ሰዓታት አያስፈልጉትም። እንደሚቀለምበት ቀለም ዓይነት ወይ በርጥቡ ወዲያው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል፣ ወይ ሆን ተብሎ በአየር ይደርቃል። አልኮል እንደ ፎርማሊን ድልድይ አይሠራም፤ ውሃውን ነጥቆ ፕሮቲኑን በያለበት ያረጋዋል። ይህ ለስስ ነገር ጥሩ ነው፤ ወፍራም ሥጋን ግን ያኮማትረዋል፣ ውጩን አድርቆ የውስጡን መንገድ ይዘጋዋል። ቤት ውስጥ የተገኘ አልኮል ወይም አረቄ የፎርማሊን ምትክ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ዕፅዋትም ቢሆኑ ከግድግዳው አልፎ ውስጣቸው ሲፈለግ ማድረቅ አይበቃቸውም። የጤፍ ክሮሞሶም 40፣ የአረቢካ ቡና 44፣ የእንሰት 18 መሆኑ የታወቀው ሕዋሱ በሚከፋፈልበት ሰዓት ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ ፊክስ በተደረገ ለጋ ሥር ነው። ለዚህ ሥራ የቆየው ቅይጥ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ነው፤ አልኮሉ ያኮማትራል፣ አሲዱ ያሳብጣል፣ አንዱ የሌላውን ያቃናል። ግንድና ቅጠል ውስጡ እንዲታይ ሲፈለግ ደግሞ ፎርማሊን፣ አሴቲክ አሲድና አልኮል አንድ ላይ ይቀየጣሉ። እንደ ኦርኪድ ያለ፣ ቢጫኑት ቅርጹ የሚጠፋ ሥጋማ አበባም በጠርሙስ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። በጉለሌ 705 ሄክታር ላይ አገር በቀል ዛፎችን ለማቆየት እ.ኤ.አ. በ2010 በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመውን ማዕከል በመናፈሻነቱ ብቻ ለሚያውቀው ሰው፣ ከእያንዳንዱ ዛፍ በስተጀርባ እንዲህ ያለ የናሙና ሥራ እንዳለ መናገር ተገቢ ነው።

የሆስፒታሉን ናሙና እንከተለው። ፎርማሊን ውስጥ ካደረ በኋላ እየጠነከረ በሚሄድ አልኮል ውሃው ይወጣለታል፤ አልኮሉን ዛይሊን የተባለ ፈሳሽ ያወጣዋል፤ ዛይሊኑን የጋለ ፓራፊን ይተካዋል። ፓራፊኑ ሲቀዘቅዝ ቁራጩ በሰም ውስጥ ተቀርቅሮ ብሎክ ይሆናል። ብሎኩ ማይክሮቶም በተባለ መላጫ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ስስ ሆኖ ይላጣል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የተላጠው ልጥ ስላይድ ላይ ሲያርፍ ቀለም አልባ ነው፣ ምንም አይታይበትም።

ቀለሙ የሚመጣው ከዛፍ ነው። ኒውክሊየሱን ሰማያዊ የሚያደርገው ሄማቶክሲሊን በመካከለኛው አሜሪካና በሜክሲኮ ዩካታን ከሚበቅል አንድ ዛፍ ቀይ እምብርት ይወጣል። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዘመን ጨርቅ ለመንከር ይወስዱት ነበር፤ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀርመን ተመራማሪዎች ለማይክሮስኮፕ ናሙና አዋሉት፣ ብቻውን ደካማ ስለነበረ ሻብ ጨመሩበት። ዛፉ ቆላ ወዳድ ነው፤ የጉለሌን ብርድ አይችልም። በዓለም ዙሪያ በየቀኑ የሚነበቡት የካንሰር ስላይዶች ግን ዛሬም በእሱ ይቀለማሉ። ዛፍ በዚህ ብቻ አላቆመም። በማይክሮስኮፕ መነጽርና በስላይድ መሃል ጠብ የሚደረገው ዘይት ለረጅም ዘመን የጽድ ዘይት ነበር፤ ያም በጉለሌ የምናየው ጽድ የቅርብ ዘመድ ከሆነው የአሜሪካ ጽድ የሚወጣ ነው። ስላይዱን ከመሸፈኛው መስተዋት ጋር ያጣበቀውም ከካናዳ የሚመጣ የዛፍ ሙጫ ነበር። ለሥጋ ደዌ ምርመራ ደግሞ እስከ ዛሬ የኦቾሎኒ ዘይት ያስፈልጋል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ሽፋን ለዛይሊን ስስ ነው፤ ፓራፊኑ በዛይሊን ብቻ ከታጠበ ባክቴሪያው ቀለሙን መያዝ ያቅተዋል። ዘይት ሲጨመርበት ሽፋኑ ይጠበቃል፣ ቀዩ ባክቴሪያም ይታያል። በሽታው አገራችንን ለዘመናት ስላስጨነቃት ይህን ማወቃችን አይበዛም።

አሁን ወደ ጡቷ ቁራጭ እንመለስ፤ የመጀመሪያዋ ሰዓት ዋጋ በግልጽ የሚታየው በእሷ ላይ ነውና። የጡት ካንሰር ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ዕጢው የኢስትሮጅን ተቀባይ አለው ወይ የሚል ነው። ካለው ታሞክሲፌን የተባለው ኪኒን ይሠራል፤ ርካሽ ነው፣ እቤት ይዋጣል፣ ሕይወት ያረዝማል። ከሌለው አይሠራም። ተቀባዩ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ ናሙናው ያለ ፎርማሊን በቆየ ቁጥር ይፈርሳል። በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ናሙናው ከሰውነት ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን እንዲገባ፣ እዚያም ከ6 ሰዓት እንዳያንስ፣ ከ72 ሰዓትም እንዳይበልጥ ያዝዛሉ። ሲያንስ ድልድዮቹ አይበቁም፤ ሲበዛ ድልድዩ በዝቶ ተቀባዩን ይሸፍነዋል። ጠረጴዛ ላይ ለግማሽ ቀን የተረሳ ናሙና ተቀባይ የለውም ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ውጤቱ በሐኪሙ ፊርማ ይወጣል፣ ሴትዮዋም ይጠቅማት የነበረውን ኪኒን ሳታገኝ ትቀራለች። ከዚህ የከፋ ስሕተት ለማሰብ ይቸግረኛል፤ ማንም አያየውምና።

በፎርማሊን የተሸፈነን ፕሮቲን መልሶ የሚገልጥ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1991 ታውቋል፤ ስላይዱን በፈሳሽ ውስጥ ማፍላት ነው። መመሪያው ብዙ ጊዜ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከፍታው ስለሚበዛ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ክፍት ዕቃ ምንም ያህል ቢጣድ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ እንደ ፕሬዠር ኩከር ያለ ግፊት የሚይዝ ማብሰያ ያስፈልጋል። ይህ ዘዴ ግን ፎርማሊን የሸፈነውን ይገልጣል እንጂ ፎርማሊን ሳይደርስበት የበሰበሰውን አያስነሳም።

ፎርማሊን ለሰውም መርዝ ነው። ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት መደብ ውስጥ አስገብቶታል። በታሸገ ዕቃ ይያዛል፤ እየከፈቱ ማየት፣ ከምግብ ጋር ማስቀመጥ፣ ልጅ በሚደርስበት ቦታ መተው አይገባም።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ናሙናውን ከቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ ተቀብሎ ወደ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ የታካሚው ቤተሰብ ነው፤ ልጅ የእናቱን፣ ባል የሚስቱን እጢ በፌስታል ይዞ ታክሲ ይሳፈራል። የዚህ ሰው እጅ የምርመራው አንድ ክፍል ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ አደራ የደረሰዎት አንባቢ ሆይ፣ ከበሩ ሳይርቁ ይጠይቁ። ውስጡ ያለው ፎርማሊን ነው ወይስ ሳላይን? ፈሳሹ ናሙናውን በደንብ ውጦታል? ቲቢ ተጠርጥሮ ከሆነ ለካልቸር የተለየ አለ? ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን፤ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ለስልሶ የገባ ሥጋ ጠንክሮ አይወጣም። ስም፣ ዕድሜ፣ ከየትኛው አካልና ከየትኛው ወገን እንደተወሰደ በዕቃው ገላ ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ላይ ከተጻፈ ክዳን ይቀያየራል። የወጣበት ሰዓትም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ፎርማሊን ከሌለ ሳይወጡ ያስገቡለት፤ «ላብራቶሪ ሲደርስ ይጨመርለታል» የሚለውን አይቀበሉ። በትክክል ከገባ በኋላ አይደንግጡ፤ መንገድ ቢዘጋ፣ ላብራቶሪው ቢዘጋ፣ አንድ ሌሊት ቤት ቢያድር አይበላሽም። ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይግባ፤ በረዶው ሕዋሱን ይሰነጥቀዋል።

ውጤቱ ከወጣ በኋላም ብሎኩ ላብራቶሪው ውስጥ እንዳለ ይወቁ። ሌላ ሐኪም እንዲያየው ሲፈልጉ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ አዲስ ምርመራ ሲታዘዝ፣ ሌላ ቀዶ ጥገና ከማሰብ በፊት ብሎኩን ይጠይቁ። በጊዜው ፎርማሊን ያገኘ ናሙና በሰም ውስጥ አሥርት ዓመታት ቆይቶ እንደገና ሊላጥ፣ እንደገና ሊነበብ ይችላል።